ከመድኃኒቱ ጎን እስክስታ

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ላለበት ሰው «እንቅስቃሴ ያድርጉ» የሚለው ምክር በየቀጠሮው ይነገረዋል። መልሱም ይታወቃል፤ ጊዜ የለም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ስፖርት ቤት ገንዘብ ይጠይቃል፣ በዚህ ዕድሜ በአደባባይ መሮጥ ያሳፍራል። እነዚሁ ሰዎች ግን ሠርግ ላይ ከበሮ ሲመታ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ስለዚህ «እቤትዎ ሙዚቃ ከፍተው ይጨፍሩ» ስላቸው አንዳንዶቹ የምቀልድ ይመስላቸዋል። አልቀልድም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ትንሹን ብንወስድ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ጭፈራም ከዚህ ይቆጠራል። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየጨፈሩ ማውራት ከቻሉ፣ አብሮ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ ካጠረዎ ደህና ነው። ጡንቻ ሲሠራ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ይጠቀማል፣ ኢንሱሊንም ሥራውን በተሻለ እንዲሠራ ያግዛል። ልማድ ሲሆን የደም ግፊትንም ዝቅ ያደርጋል።

የጭፈራው ዓይነት ግን እንደ ሰውየው ነው። ፈጣኑ የጉራጌ ጭፈራ ልብን በደንብ ያሠራል፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን አልመክረውም። በትግራይ እንደሚደረገው ክብ ሠርቶ ከበሮ እየተከተሉ በዝግታ መዞር ለአረጋውያን ይስማማል። እስክስታን ለብቻው የማነሳው በምክንያት ነው። የስኳር ታካሚዎች ትከሻቸው ደርቆ ክንዳቸውን ለማንሳት የመቸገር ዕድላቸው ከሌላው ሰው ይበልጣል። ትከሻን በየቀኑ ማፍታታት ይጠቅማቸዋል። አስቀድሞ የያዘው ሰው ግን ሕመሙን ታግሎ መስበቅ የለበትም፤ መጀመሪያ ይታይ።

ቀልብን መሰብሰብም የምክሩ አካል ነው። ስልኩን ያስቀምጡ። እግርዎ ወለሉን ሲነካ፣ ትንፋሽዎ ሲገባና ሲወጣ፣ ትከሻዎ ሲወጠርና ሲላላ ልብ ይበሉ። ሐሳብ ወደ ቤት ኪራዩ መሸሹ አይቀርም፤ ሳይናደዱ ወደ እግርዎ ይመልሱት። ይህ ጭንቀትን ያረግባል፤ ማዞርና ሕመም ሲጀምርም ቶሎ ያሳውቃል። ሠርግ ላይ እልህ ተጋብተን ስንጨፍር የሚያመልጠን ይኸው ነው።

በኒው ዮርክ ብሩክሊን ለፓርኪንሰን ታካሚዎች የዳንስ ትምህርት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በዚህ ሕመም እግር ድንገት መሬት ላይ እንደተጣበቀ ሆኖ አልንቀሳቀስ ሊል ይችላል። የሙዚቃው ምት ግን ለብዙዎቹ ቀጣዩን እርምጃ ለመጀመር ይረዳል። በሽታውን አያድንም፤ አካሄድንና ሚዛንን ያግዛል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰው በባዶ እግሩ አይጨፍር፤ ያልተሰማው ቁስል እግር እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ጫማ ያድርግ፣ ሲጨርስም መዳፉን ይመልከት። ኢንሱሊን የሚወስድ በባዶ ሆድ አይጀምር፤ ስኳር ወይም ከረሜላ በአቅራቢያው ያስቀምጥ። ደረት ላይ የመጫን ስሜት ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ያቁሙ፤ ካልተወዎት ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልኬታቸው ሲወርድ «ድኛለሁ» ብለው የግፊት ክኒናቸውን የሚያቆሙ አሉ። ግፊቱ ምንም ሳይሰማቸው ተመልሶ ይወጣል፤ አንዳንዴም ራሱን የሚገልጠው በስትሮክ ነው። የወረደው መድኃኒቱና እንቅስቃሴው አብረው ስለሠሩ ሊሆን ይችላል። መጠኑን መቀነስ ከተቻለም የሚቀንሰው ሐኪምዎ ነውና፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጨፍሩ ሳያፍሩ ይንገሩት።