ልጁ አሁን ከማን ጋር ነው?

እህቶቼ፣ ሐምሌ ገባ። አገር ቤት ዝናቡ ሲወርድ እዚህ ቤሩት ሙቀቱ አላስቀምጥ ይላል። ቤተሰቦቹም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ተራራ ወይም ወደ ባሕር ይወጣሉ፣ እኛም አብረን እንሄዳለን። ሰው ሲሰማ «ታድላ፣ ልትዝናና ነው» ይላል። የእነሱ ዕረፍት ለእኛ ተጨማሪ ሥራ መሆኑን ግን እናውቀዋለን። ባለፈው እሑድ ከመካከላችሁ አንዷ ከሕፃንና ከሦስት ዓመት ልጅ ጋር ወደ ባትሩን ልትሄድ መሆኑን ነግራኝ «ምን ምን ልያዝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ዕቃው እነግራችኋለሁ። ከዕቃው በፊት ግን በእኔ የደረሰውን ስሙ።

ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቤተሰቡ ለነሐሴ ባሕሩ አጠገብ መዋኛ ገንዳ ያለው ቤት ተከራየ። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ የስድስት ዓመት ሴት፣ የሦስት ዓመት ወንድ፣ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን። አንድ እሑድ ለምሳ ዘመድ ሁሉ መጥቶ ቤቱ ሞላ። እኔ ከሦስት ዓመቱ ልጅ ጋር ገንዳው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ማዳም «ሰሃን አምጪ» ብላ ጠራችኝ፣ ተነሣሁ። እናቱ እዚያው ስላለች እሷ ታየዋለች ብዬ አሰብኩ። እሷ ደግሞ ልጁ ከእኔ ጋር ወደ ኩሽና የገባ መስሏታል። አባቱ ከአያቱ ጋር ነው ብሏል፣ አያቱ ከአባቱ ጋር ነው ብላለች። ከአሥር የሚበልጥ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ልጁን የሚያይ አንድም አልነበረም።

ሰሃኑን ይዤ ስመለስ ትልቋ ልጅ ቀሚሴን ጎትታ ውሃውን አሳየችኝ። ሰሃኑን ጥዬ ከነልብሴ ገባሁ። ዋና አልችልም፤ ደግነቱ ውሃው እስከ ደረቴ ነበር። ሳወጣው ከንፈሩ ጠቁሯል። አጎቱ ትንፋሽ ሰጠው፤ ልጁም ሳለ፣ ውሃውን አስመለሰ፣ አለቀሰ። እንደዚያ ለቅሶ ደስ ያለኝ ነገር የለም። ሐኪም ቤት አድሮ ዳነ። ማዳም ግን በሰው ሁሉ ፊት «ዌን ከንቲ?» የት ነበርሽ? እያለች ጮኸችብኝ። የላከችኝ ራሷ ነበረች። ያንን የምናገርበት አረብኛ ግን አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ አይጮኽም። አፉ ከውሃ በታች ሆኖ ድምፅ ከየት ያመጣል? በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ሳይሰማ ያልቃል። ለሕፃን ባልዲ ውስጥ የቀረ ጥቂት ውሃም ይበቃዋል። ክንዱ ላይ የሚነፋለት ፕላስቲክ መጫወቻ ነው እንጂ አያድነውም። ሰው ስለበዛም ልጁ ተጠበቀ ማለት አይደለም፤ ሁሉም «ሌላው ያየዋል» ይላልና።

ስለዚህ ልጅን እንደ ገንዘብ አስረክቡ። ገንዘብ ስትሰጡ በእጅ ትሰጣላችሁ፣ ተቀባዩም «ተቀብያለሁ» ይላል። ማዳም ስትጠራችሁ ልጁን ይዛችሁት ሂዱ። ካልሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ «ማዳም፣ እል ወለድ መዕ ሚን?» በሉ። ልጁ ከማን ጋር ነው ማለት ነው። አንድ ሰው «መዒ»፣ ከእኔ ጋር፣ እስኪል ድረስ ንቅንቅ አትበሉ። የእኔ ማዳም መጀመሪያ ተቆጣች፣ ሥራ የሸሸሁ መሰላት። በሁለተኛው ሳምንት ግን እሷው ባሏን እንደዚያ ብላ ስትጠይቅ ሰማኋት።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ወተቱን ቤት በጥብጣችሁ አትያዙ፤ በሙቀት ይበላሻል። የፈላ ውሃ በፔርሙስ፣ የወተቱን ዱቄት ደግሞ ለየጡጦው ለክታችሁ በንጹሕና ደረቅ ዕቃ ያዙ። ሲርበው በትኩሱ ውሃ በጥብጡት። ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አብርዳችሁ በእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ጠጥቶ የተረፈውን ድፉት፤ ያልተነካውም ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ።

መኪና ላይ ብዙ ጊዜ «ሕፃኑን ጭንሽ ላይ ያዢው» እንባላለን። መኪና ከተጋጨ የማንም ክንድ አይችለውም። የሕፃኑ መቀመጫ እንዲታሰር ሳትፈሩ ጠይቁ። ለአፍታም ቢሆን ልጅ ቆሞ በተዘጋ መኪና ውስጥ ብቻውን አይቅር። በ10 ደቂቃ ብቻ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ መስኮቱን ገርበብ ማድረግም ብዙ አይረዳም።

ፀሐይዋ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ክፉ ናት። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ጭራሽ ፀሐይ ላይ አይውጣ። ጋሪው ላይ ብርድ ልብስ ወይም ነጠላ አትጣሉ። ጥላ ይመስላል እንጂ ውስጡን ያፍነዋል፣ ያግለዋል።

ተቅማጥ ከጀመረው ከፋርማሲ ሕይወት አድን የሚባለውን ዱቄት አስገዙ፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ወተቱንም አታቋርጡበት። እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ወይም ለ6 ሰዓት ዳይፐሩ ደረቅ ከሆነ ማዳም እስክትነቃ አትጠብቁ፤ ቀስቅሷት። በሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 140 ነው። ቁጥሩንና ያረፋችሁበትን ቦታ ስም ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

ስለ ራሳችሁም አትርሱ። መንገድ ላይ ፍተሻ ስላለ ኢቃማችሁን ያዙ። ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያስነሣችሁ ካደረ ቀን ላይ ጥቂት ተኙ፤ «ልጁን ለማየት መተኛት አለብኝ» ብላችሁ ጠይቁ። እንቅልፍ የያዘው ዓይን ተከፍቶም አያይም።

ያ ልጅ ዛሬ 10 ዓመቱ ነው። ዋና ተምሮ እኔን «ነይ ላስተምርሽ» ይለኛል። አንቺም ወደ ባትሩን የምትሄጂው እህቴ፣ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት ያቺን አንዲት አረብኛ ደጋግመሽ አጥኚያት። በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ተመለሺ።