በር የተከፈተላት ትንሽ ፕሮግራም

የፈተና ውጤት በሚለጠፍበት ቀን ከሰሌዳው ፊት የሚሆነውን ግፊያ የማያውቅ አስተማሪ የለም። ተማሪው ሁሉ እየተጋፋ ስሙን በጣቱ ይፈልጋል፤ ያለፈውም የወደቀውም በአንድ ወረቀት ላይ በሁሉ ፊት ይነበባል። ልጁን ከገጠር ልኮ የሚያስተምር አባት ደግሞ ይህን ለማየት የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ ይመጣል። እኔ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት «እያንዳንዱ ውጤቱን በሞባይል ቢያየውስ?» የሚል አሳብ መጣልኝ። አሳቡ መልካም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን የማልረሳውን ትምህርት ስላስተማረኝ ለአንባቢዎች ላካፍለው ወደድሁ።

«ሰርቨር አልባ» ሲባል

በኢንተርኔት ለሚጠይቅ ሰው መልስ ለመስጠት ሌሊትና ቀን የማይተኛ ኮምፒዩተር፣ ማለት ሰርቨር ያስፈልጋል። የእኛ ትምህርት ቤት ሰርቨር የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ቢገዛም መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ችግር መላ ሆኖ ያገኘሁት «ሰርቨር አልባ» የተባለውን አሠራር ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ሰርቨሩስ አለ፤ ነገር ግን የሌላ ነው፤ ጥበቃውም ጥገናውም የባለቤቱ ነው።

አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን አገልግሎት «ላምዳ» ብሎ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ተጠቃሚው የሚያስረክበው አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ አጭር ፕሮግራም ነው፤ በሙያው ቋንቋ «ፋንክሽን» ትባላለች። ፋንክሽኗ ጠሪ እስኪመጣ ትተኛለች፤ ሲጠሯት ትነሣለች፤ ሥራዋን ሠርታ መልሷን ትሰጣለች። ሒሳቡም የሚታሰበው በተጠራችበት ቁጥርና በሠራችበት ጊዜ ልክ ነው። በየወሩ የመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ጥሪ በነፃ ነው። አንድ ሥራ ግን ከ15 ደቂቃ በላይ እንዲቆይ አይፈቀድም።

የመጀመሪያው ጠሪ ጥቂት መታገሡ አይቀርም። ነገሩ እንደ ቡናችን ነው። ቀድሞ የመጣው እንግዳ ከሰሉ እስኪያያዝ፣ ቡናው ተቆልቶና ተወቅጦ እስኪፈላ ይጠብቃል፤ ተከትሎት የመጣው ግን ጀበናው እሳት ላይ ሳለ ስለሚደርስ ወዲያው ይቀዳለታል። ለረጅም ጊዜ ጠሪ ከጠፋ እሳቱ ይከስማል፤ ለሚቀጥለውም እንደገና ይጀመራል። ባለሙያዎች ይህን መዘግየት «ኮልድ ስታርት» ይሉታል።

አድራሻ መስጠት

ፋንክሽኗ ብቻዋን በር እንደሌለው ቤት ናት፤ ከመንገድ የሚመጣ ሰው ሊጠራት አይችልም። በር የሚሆናት የኢንተርኔት አድራሻ ነው። ቀድሞ ይህን ለማግኘት «ኤፒአይ ጌትዌይ» የተባለውን ሌላ አገልግሎት ከፊቷ ማቆም የተለመደ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ግን «ፋንክሽን ዩአርኤል» የተባለ አጭር መንገድ ተጨመረ። የፋንክሽኗን ገጽ ከፍቶ፣ ወደ ማስተካከያው ክፍል ገብቶ አድራሻ እንዲፈጠርላት ማዘዝ ብቻ ነው። ሥራው ከሁለት ደቂቃ አያልፍም።

በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ጠሪውን ማን ይመርምር? ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው «አይኤኤም» ሲሆን ኩባንያው ራሱ የጠሪውን ፊርማ መርምሮ ፈቃድ የሌለውን «403» በሚል ቁጥር ይመልሰዋል። ሁለተኛው «ናን» ማለት «ምንም» ነው፤ ኩባንያው ማንንም አይመረምርም፤ የመጣው ሁሉ ይገባል። ተማሪዎቼና ወላጆቻቸው የኩባንያው ፊርማ ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ ሁለተኛውን መረጥሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነበር። ተማሪው በአድራሻው መጨረሻ የመለያ ቁጥሩን ጽፎ ይልካል፤ ፋንክሽኗ ቁጥሩን ከመዝገብ ትፈልጋለች፤ ካገኘችው ውጤቱን «200» ከሚለው የደኅና ቁጥር ጋር፣ ካጣችው ደግሞ «404» ብላ ትመልሳለች። አርባ መስመር በማይሞላ የፓይተን ጽሑፍ ሥራው አለቀ። በማግስቱ አድራሻውን በሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ለተማሪዎቼም «ከእንግዲህ ውጤታችሁን ከእናንተ በቀር ማንም አያየውም» አልኋቸው።

ቃሌ ሲፈርስ

የተማሪዎቹ መለያ ቁጥር ተከታታይ ነው፤ አንዱ 112 ከሆነ የሚቀጥለው 113 ነው። አንድ ፈጣን ልጅ የራሱን ውጤት ካየ በኋላ ቁጥሩን በአንድ ጨምሮ ሞከረ፤ የጎረቤቱ ውጤት መጣለት። ሌሊቱን የክፍሉን ሁሉ ውጤት ሰብስቦ ለጓደኞቹ አሰራጨ።

በማግስቱ አንዲት ተማሪ ከክፍል ውጭ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ በሒሳብ መውደቄን ከእኔ በፊት ልጆቹ አወቁ። እርስዎ ግን ማንም አያየውም ብለውን ነበር» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች።

ወዲያውኑ ያደረግሁት በሩን መዝጋት ነው። በላምዳ ባንድ ጊዜ ስንት ጥሪ እንዲስተናገድ መወሰን ይቻላል፤ ቁጥሩን ዜሮ ስናደርገው አድራሻው ሳይጠፋ ጠሪው ሁሉ «429» ተብሎ ይመለሳል። ቀጥሎ ወደ ልጅቱ ቤት ሄድሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስነግራቸው አባቷ በጽሞና አዳመጡኝና «መምህር፣ ድሮስ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሁሉም ያየው አልነበረም? አሁን ምን የተለየ ነገር መጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ግድግዳው ሰው ሄዶ ያየዋል፤ ዝናብም ጊዜም ያጠፋዋል። በኢንተርኔት የተከፈተ በር ግን በአንድ ሌሊት ለሺህ ሰው ይደርሳል፤ የተቀዳውም አይመለስም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በግድግዳው ላይ ማንም ምስጢር ይጠበቃል ብሎ ቃል አልሰጠም ነበር፤ እኔ ግን ሰጥቼአለሁ።

በሩን እንደገና መክፈት

ስሕተቴን ስመረምረው «ናን» የሚለውን መምረጤ አይደለም። «ናን» ማለት ዘበኛ አያስፈልግም ማለት ሳይሆን፣ ዘበኝነቱ ለጸሐፊው ተላልፎአል ማለት ነው። እኔ ግን ዘበኛውን ሳልቀጥር በሩን ከፈትሁ። አንድ ባልደረባዬ «ኮርስ የተባለውን ማስተካከያ ብታደርግ ይበቃል» ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ኮርስ የትኛው ሌላ ድረ ገጽ በብራውዘር በኩል መልሳችንን ማንበብ እንደሚችል የሚወስን እንጂ አድራሻውን በቀጥታ የሚጠራውን ሰው የሚከለክል አይደለም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተማሪ በዕጣ የወጣ፣ በግምት የማይደረስበት ረጅም የምስጢር ኮድ አዘጋጀሁ፤ በትንሽ ወረቀት አትሜም በየእጃቸው ሰጠኋቸው። ፋንክሽኗ አሁን ቁጥሩንና ኮዱን አስተያይታ ካልገጠሙ «403» ትላለች። ደጋግሞ የሚሳሳተውን ለማገድ የስሕተቱ ብዛት በመዝገብ መጻፍ ነበረበት፤ ፋንክሽኗ ረሺ ናትና ከአንዱ ጥሪ ወደ ሌላው ያየችውን ታስታውሳለች ተብሎ አይታመንባትም። በመጨረሻ ባንድ ጊዜ የሚስተናገደውን ጥሪ በ5 ወሰንሁት፤ በዚህ ልክ አድራሻው በሴኮንድ ከ50 የበለጠ ጥያቄ አይቀበልም። ይህም ገማቹን ያዘገያል፤ ሒሳቡም ሳናስበው እንዳይንር ይጠብቃል።

በክፍል ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጅቱም ተመለሰች። አዲሱን ወረቀት ስሰጣት ተቀብላኝ ወዲያው አልሄደችም፤ ሞባይሏን አውጥታ የጓደኛዋን ቁጥር ከራሷ ኮድ ጋር ጽፋ ሞከረች። «403» የሚለውን ባየች ጊዜ ወረቀቱን አጥፋ በደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

በዚህ ዓመት የትምህርት ቤታችን አስተዳደር ውጤትን በስም ከሰሌዳ ላይ መለጠፍ አስቀርቶአል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ለፕሮግራምህ በር የምትከፍትበት ቀን ቢመጣ፣ አድራሻውን ለሰው ከመስጠትህ በፊት የጎረቤትህን ቁጥር ጽፈህ በሩን አንኳኳ። ከተከፈተልህ ሥራህ ገና አላለቀም።