ሳምቡሳው ስንት ይሁን?

ረመዳን የጾም ወር ቢሆንም በብዙ ቤት ዘይትና ስኳር ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቶሎ የሚያልቁበት ወር ነው። በእኛ ቤት ዘንድሮ ይህን ለመቀየር የተነሳነው በእናታችን ምክንያት ነው። የስኳር ሕመም ካገኛቸው ዓመታት ተቆጥረዋል። ቁርኣን ለታመመ ሰው እንዳይጾም ፈቃድ መስጠቱን ከማናችንም በላይ ያውቃሉ፤ ቢሆንም መጾም ፈለጉ። በሻዕባን ወር ወደ ሐኪማቸው ወሰድናቸው። ሐኪሙ ሁኔታቸውን አይተው ፈቀዱላቸው፤ ጠዋት ይወስዱት የነበረውንም እንክብል ወደ ኢፍጣር አዛወሩት። (ይህን ማንም በራሱ ፈቃድ ሊያደርገው አይገባም።) አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ግን ነበረው። በቀን ውስጥ ሲለኩ ስኳራቸው ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ወዲያውኑ ያፈጥራሉ። ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ዑለማዎች ስለሚያስረዱ በዚህ በኩል ክርክር አልነበረም።

ክርክሩ የመጣው ከገበታው ነው። ለእናታችን ብቻ የተለየ ሳህን ይቅረብ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። «ልጆቼ ሳምቡሳ እየበሉ እኔ ጎመን እየበላሁ አላፈጥርም» አሉና ጉዳዩን ዘጉት። እውነታቸውን ነው። ከአንድ ማዕድ መነጠል ከሕመሙ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ደንቡ ለሁላችንም ሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያልበለጠ ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳርም ከ50 ግራም በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይላል። 25 ግራም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ገደማ አለው። አብሹን በስኳር አጣፍጠን፣ ጁሱን ጨምረን፣ ከተራዊህ በኋላ ሻይ ስንደግም የት እንደምንደርስ ማስላት አያስቸግርም። ለስላሳውን ከቤት አስወጣነው። አብሹ ቀረ፤ የሚጣፍጠው ግን በጥቂት ማር ነው፤ ማሩም ቢሆን ከስኳሩ ሒሳብ ይቆጠራል። ጨው በብዛት የተገኘው በሾርባው ውስጥ ነበር። በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ማጣፈጫ ዋና ይዘቱ ጨው ነው። አሁን የገብሱ ሾርባ በነጭ ሽንኩርት፣ በድንብላልና በሎሚ ይጣፍጣል።

ሳምቡሳን በተመለከተ በኦቭን የተጋገረውን ሞክረነዋል። ጤናማ ነው፤ ሳምቡሳ ግን አይደለም። በመጨረሻ በዘይት የተጠበሰው ጸድቆ ቁጥሩ ተወሰነ፦ ለሰው ሁለት፣ ያውም በየሁለት ቀኑ። የረዳን ደግሞ አዲስ ነገር ሳይሆን የኖርንበት ልማድ ነው። በቴምርና በውሃ አፍጥሮ፣ መግሪብን ሰግዶ ወደ ማዕድ መመለስ። በዚያች አጭር ጊዜ የረሃቡ ጥድፊያ ይበርዳል፤ እጅም ወደ ሳህኑ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቴምሩን ሦስት ይወስዱ የነበሩት እናታችን ወደ አንድ ሲወርዱ «አንድም ጎዶሎ ቁጥር ነው» ብለው ሳቁ። አባታችን ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሲሶ ሲሶ እንድናካፍል ማስተማራቸውን ያስታውሱናል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሱን የራሳቸውን ድርሻ ከጨረሱ በኋላ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ እናታችን ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸውም ተንቀጠቀጠ። መሣሪያው 64 አለ። ለመግሪብ ከአንድ ሰዓት ብዙም የሚያልፍ ጊዜ አልቀረም ነበር። «ትንሽ ነው የቀረው፣ እታገሣለሁ» አሉ። ስምምነታችንን ያነሱት አባታችን ናቸው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን ሰጠናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስንለካ ከ90 በላይ ሆነ። ወር ሙሉ ስንሸሸው የነበረው ስኳር በዚያች ሰዓት መድኃኒት ነበር። እሳቸው ግን አለቀሱ፤ ያለቀሱት ስለ ጾሙ እንጂ ስለ ሕመሙ አልነበረም። በማግስቱ ሐኪሙ ስለ ሰሑር ጠየቁ። ድካም ተጫጭኗቸው በውሃና በሁለት ጉርሻ ብቻ ነበር የተኙት። ከዚያ ወዲህ ሰሑር ላይ የምንቀሰቅሳቸው ተራ ገብተን ነው፤ እንጀራ በምስር፣ ጎመንና እርጎ ይቀርባል፣ ሳይበሉም አንነሳም።

አሁንም መላ ያላገኘንለት የጎረቤት ሳህን ነው። በኢፍጣር ሰዓት በሩ ሲንኳኳ ሙሸበክ ወይም ባቅላቫ ይገባል፤ መመለስ ነውር ነው፣ ባዶ ሳህን መመለስም እንዲሁ። በእኛ በኩል ሐብሐብና ማንጎ ቆራርጠን እንልካለን። ጣፋጩን ልጆቹ ይከፋፈሉታል። እናታችን ከጫፉ ቆንጥረው ይቀምሳሉ፤ የላከችውን ጎረቤት ግን ለየብቻ ጠርተው ያመሰግናሉ። ሰሞኑን አንዷ ጎረቤት ምክንያቱን ሰምታ በሙሸበኩ ፈንታ የተቀቀለ ሽንብራ ላከች።

የዒድ ብስኩት ጉዳይ ግን ገና ድርድር ላይ ነው። እናታችን አራት ይሁንልኝ ብለዋል፤ እኛ ሁለት ላይ ቆመናል።