የአሮጌ ትራክተር ፍሪሲዮንና ካምቢዮ፦ ችግሩ የት ነው?

በገዳሪፍ በትራክተር ማረስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። ዛሬም ሰሊጥና ማሽላ በሚዘራበት ሜዳ ያረጁ ማሴ ፈርጉሰኖች ሲሠሩ ይታያሉ። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ጥቁሩ አፈር ለዘር የሚመቸው ለአጭር ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ትራክተር ከቆመ ባለቤቱ ዘር ያልፈዋል፤ ሹፌሩና ረዳቱ ደግሞ የቀን ገቢያቸውን ያጣሉ። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» መባልም አለ። ስለዚህ ችግሩ ከየት እንደመጣ ለይቶ ማስረዳት መቻል ራሱ እንጀራ ነው።

ፍሪሲዮን ምንድን ነው?

ሱዳኖች ክላች ይሉታል። በሞተሩና በካምቢዮው መሀል ያለ፣ ሸራ የለበሰ ዲስክ ነው። ፔዳሉን ስንለቅ ሞላዎች ዲስኩን ከቮላኖው ጋር ያጣብቁትና ጉልበት ወደ ጎማ ይሄዳል፤ ስንረግጥ ይለያያሉ። በፊዚክስ ክፍል ሰበቃ ብለን የተማርነው እዚህ ሥራ ላይ ነው።

1. ሞተሩ ይጮሃል፣ ትራክተሩ ግን አይጎትትም

መጀመሪያ ጎማውን እዩ። ጎማው በጭቃ ውስጥ በከንቱ ከተሽከረከረ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው። ጎማው ቀርፎ ሞተሩ ብቻ ከጮኸና የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ለማረጋገጥ ደልዳላ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ከፊት ሰው አይቁም። ከባዱን ሳይሆን ፈጣኑን ማርሽ አስገብታችሁ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ይንሸራተታል፤ ሙከራውን አትደጋግሙት፣ ሸራውን ያቃጥላል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ፔዳሉ ነፃ ክፍተት አጥቷል፣ ሸራው አልቋል፣ ወይም ከፓራኦሊዮ የሚያፈስ ዘይት ዲስኩን ነክቶታል። ቀላሉ የመጀመሪያው ስለሆነ ከእሱ ጀምሩ፤ ክፍተቱን የማሽኑ መጽሐፍ በሚለው ልክ አስተካክሉ። እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳትም ሸራ ይጨርሳል።

2. ማርሽ ሲገባ ይንኳኳል

ፍሪሲዮኑ በደንብ አልተለያየም ማለት ነው። ክፍተቱ ከልክ በላይ በዝቶ ይሆናል። ለወራት የቆመ ትራክተር ደግሞ ዲስኩ ዝጎ ቮላኖው ላይ ይጣበቃል። ለዚህ ነው ትራክተር ለረጅም ጊዜ ሲቆም ፔዳሉን ረግጦ በእንጨት መወጠር የሚመከረው። ብዙ አሮጌ ትራክተሮች ማርሽ የሚቀይሩት ቆመው እንደሆነም አትርሱ፤ እየሄደ ማስገባት ጥርሱን ይሰብራል።

ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ባለው ትራክተር ግማሽ ሲረገጥ ጎማው ይቆማል፤ እስከ ታች ሲረገጥ ደግሞ ከኋላ መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግም ይቆማል። ዘንጉን ሲያስገቡ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ ካምቢዮውን አትውቀሱ፤ የሁለተኛውን ደረጃ አስተካክሉ።

3. ጆሯችሁን አዳምጡ

ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ፔዳሉን ስትረግጡ ጩኸት ከመጣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሳይረገጥ ጮኾ ሲረገጥ ከጠፋ ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሥራ ሲከብድ ማርሹ ራሱ ከወጣ ጥርሱ ተበልቷል ወይም ማርሹን የሚይዘው ሞላ ደክሟል።

4. ዘይቱን ሳታዩ አትፍቱ

ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ይቀየር። ብረት ካብለጨለጨበት ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰኖች የካምቢዮውና የሃይድሮሊኩ ዘይት አንድ ስለሆነ፣ ዘይት ሲያንስ ማንሻውም ይደክማል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲስክ ለመቀየር ትራክተሩ መሀል ለመሀል ለሁለት ይከፈላል። በድንጋይና በአንድ ክሪክ ብቻ አትሞክሩት፤ ሰው ይገድላል። ጠንካራ መደገፊያና ልምድ ያለው መካኒክ ያስፈልጋል።

ለመልመጃ

ሀ. ዘይት የነካው ዲስክ ለምን ይንሸራተታል? በሰበቃ ትምህርት አስረዱ።
ለ. ትራክተሩ አይጎትትም፤ ፔዳሉም ምንም ነፃ ክፍተት የለውም። ባለቤቱ «ዛሬውኑ ክፈቱት» ቢል ምን ትመልሱለታላችሁ?