የራስ ቆዳ መርፌና የዛለው ክንድ

ማታ በደኅና የተኛ ሰው ጧት ሲነቃ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው፣ አንደበቱም ሲተሳሰርበት፣ የሚደነግጠው እርሱ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ምክርም ይበዛል። ከምክሮቹም መካከል «የቻይና ሐኪሞች ራስ ላይ በሚወጉት መርፌ ይድናል» የሚለው አይታጣም። ለመሆኑ ይህ ሕክምና ምንድን ነው? ምን ያህልስ ይረዳል? የውድ አንባቢዎቻችንን ቤተሰቦች ሊጠቅም ይችላል ያልነውን ከዚህ በታች አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አኩፓንክቸር የተባለው የመርፌ ሕክምና በቻይና ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የኖረ ጥበብ ነው። የራስ ቆዳ አኩፓንክቸር ግን ገና ወጣት ነው። በ1971 ገደማ በሻንሺ ክፍለ ሀገር በጂሻን ወረዳ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ጂያዎ ሹንፋ የጥንቱን መርፌ ከዘመናዊው የአንጎል ጥናት ጋር አዛመዱት። እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ከራስ ቅል በታች የታወቀ ሥፍራ አለው፤ እንግዲያውስ በዚያው ሥፍራ አንጻር ያለውን የራስ ቆዳ በመርፌ መቀስቀስ የዛለውን አካል ሊረዳ ይችላል የሚል ነበር ሐሳባቸው።

ለዚህም በራስ ላይ መስመሮችን ነደፉ። ከሁለቱ ቅንድቦች መካከል ተነሥቶ በአናት በኩል እስከ ማጅራት አጥንት ጉብታ የሚደርስ መስመር ይታሰባል። ከዚህ መስመር እኩሌታ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ካለው ነጥብ ጀምሮ፣ ከጆሮ ፊት ለፊት እስካለው የፀጉር ዳርቻ በሰያፍ የሚወርደው የእንቅስቃሴ መስመር ይባላል። የላይኛው አንድ አምስተኛ ለእግርና ለወገብ፣ መካከለኛው ሁለት አምስተኛ ለክንድና ለእጅ፣ የታችኛው ሁለት አምስተኛ ለፊትና ለንግግር ተመድቧል። የአንጎል ግራ ክፍል ቀኙን አካል ስለሚያዝ፣ ቀኝ እጁ የዛለበት ሰው የሚወጋው በራሱ ግራ በኩል ነው። መንቀጥቀጥ ላለበት ሰው ደግሞ ከዚሁ መስመር 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሌላ መስመር አለ። በ1984 በቶኪዮ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስብሰባ የራስ መስመሮች ስያሜ በ14 ተወስኗል።

ብዙዎች እንደሚፈሩት መርፌው አንጎልን አይነካም፤ አጥንትንም አይበሳም። በሰያፍ ገብቶ ከራስ ቆዳ ሥር ይቀራል። ሐኪሙም መርፌውን በጣቶቹ በደቂቃ 200 ጊዜ ያህል ያሽከረክረዋል። በዚህም ጊዜ በሽተኛው የዛለውን እጁን ወይም እግሩን ለማንቀሳቀስ ይሞክራል፤ ካልቻለም ሌላ ሰው ይዞ ያንቀሳቅስለታል። ስለዚህ ሥራው የሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የበሽተኛውና የአስታማሚውም ነው።

ውጤቱስ? ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት፣ ከስትሮክ በኋላ ለማገገም የሚሰጠውን የአኩፓንክቸር ሕክምና በሚመለከት 2,257 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 31 ጥናቶች መርምሮ በ2016 ውጤቱን አውጥቷል። መሻሻልን የሚያመለክቱ ምልክቶች ቢታዩም የጥናቶቹ ጥራት ዝቅተኛ በመሆኑ ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት አልተቻለም። እንግዲህ መርፌው ረዳት ሊሆን ይችላል፤ «ፈዋሽ» ሊባል ግን አይገባውም።

ቻይና ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የሕክምና ቡድኖችን ስትልክ ቆይታለች፤ በአዲስ አበባ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ቻይናውያን ሐኪሞች በመርፌ አክመዋል። ሕክምናው በመቅረቡ ግን ቅደም ተከተሉ ሊዛባ አይገባም። ስትሮክ የሚደርሰው በአንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። የቱ እንደደረሰ የሚለየው በራስ ምርመራ እንጂ በግምት አይደለም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲንተባተብ፣ በሽተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መገስገስ ያሻል። መርፌው የሚታሰበው አደጋው ካለፈና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ነው።

ጥንቃቄም አለው። በጥይት ወይም በፍንጣሪ ተመትቶ የራስ ቅሉ አጥንት የጎደለ ሰው በዚያ ሥፍራ መወጋት የለበትም። እርግብግቢቱ ያልተዘጋ ሕፃንም እንዲሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህንኑ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። መርፌው ከታሸገበት በፊታችሁ የሚከፈት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑንም አረጋግጡ።

ከሆስፒታል መልስ ትልቁ ድርሻ የቤተሰብ ነው። መርፌ ተገኘም አልተገኘ፣ የሕክምና ባለሙያው ያሳየውን የእጅና የእግር እንቅስቃሴ በየዕለቱ ማሠራት፣ በሽተኛውን ማነጋገር፣ ቃል ሲጠፋው ታግሦ መጠበቅ፣ ማንኪያውን ከእጁ ከመንጠቅ ይልቅ እንዲሞክር መተው ይገባል። ልጆችም አባታቸውን ወይም እናታቸውን ጣት በማስቆጠር ሊረዱ ይችላሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የዛሬዋ የአንዲት ጣት እንቅስቃሴ ለነገው እርምጃ መነሻ ናት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የስትሮክ ዋነኛ መንሥኤ የደም ብዛት ነው፤ ብዙ ጊዜም ድምፅ ሳያሰማ ይኖራል። እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ ግፊታችሁን ተለኩ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቋርጡ፤ ጨውን ቀንሱ፤ ሲጋራንም ተዉ።