የክፍል አለቃ የማን ሰው ነው?

በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። አንዱ መምህር ከክፍል ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ድረስ ባለው ጊዜ አንድ ልጅ ከሰሌዳው አጠገብ ይቆማል። በእጁ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዟል። የተናገረውን፣ የሣቀውን፣ ከመቀመጫው የተነሣውን ሁሉ እያየ ስም ይጽፋል። ያው ልጅ ደግሞ ቢናገር በስሙ ፊት አንድ የመስቀል ምልክት ይጨመርበታል። መምህሩ በገባ ጊዜ ወረቀቱ ይሰጠዋል። ይህ ልጅ የክፍሉ አለቃ ነው።

አለቃው ክፉ ልጅ ነው ማለታችን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከክፍሉ ልጆች ትጉሁና ጨዋው እርሱ ነው፤ መምህራን የሚመርጡትም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የተማሪ ጥፋት ብቻ መሆኑን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። ጠመኔ ሲጠፋ፣ የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ ብርድ ሲገባ፣ የሒሳብ መምህር ሳይመጣ ወር ሲሞላ፣ አለቃው ወረቀት ሲገነጥል አላየንም። እንግዲህ ይህ ወጣት የማን ሰው ነው? የመረጡት መምህራን ነው ወይስ አብረውት በዴስክ የሚቀመጡት ጓደኞቹ? ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን ዛሬ በየወረዳውና በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡት ወጣት ሹማምንት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያን ወረቀት ይዘው የቆሙ ወይም ስማቸው የተጻፈበት ልጆች ናቸው።

ይህን ጉዳይ ለመመልከት አሰላን መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች የአርሲ አውራ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየወረዳው ቢበዙም፣ ከደጋው መንደሮች እየተነሡ ወደ ከተማ የሚገቡት ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ የሚያስገቡትን መንገዶች የተመለከተ ሰው፣ ከጋሪውና ከባጃጁ መካከል ከረጢት ተሸክመው የሚመጡትን ልጆች ያያል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የሳምንቱ ስንቅ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ የገብስ ዱቄት፣ ባቄላ፣ ድንች። እናቱ ቅቤ ያላት ልጅ እንደሆነ ደግሞ ጭኮ ይጨመርበታል። የአርሲን ጭኮ ያልቀመሰ አንባቢ ቢኖር እናዝንለታለን።

ልጆቹ አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ አምፑል፣ በጥግ የተቀመጠ ምድጃ ነው። ከአከራዮች መካከል ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መብራት እንዳይበራ የሚከለክሉ አይታጡም። ከዚህች ክፍል ስንገባ ነው እንግዲህ ሌላ ዓይነት አለቃ የምናገኘው።

ችግሩ የሚጀምረው ከስንቁ ነው። የአንዱ ስንቅ ረቡዕ ያልቃል፤ የሌላው እስከ ዓርብ ይደርሳል። ሁሉም ለየብቻው ቢበላ ረቡዕ ማታ አንዱ ልጅ «አልራበኝም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሁሉም ይቀላቀል ቢባል ደግሞ ጥቂት ያመጣው ያፍራል፤ ብዙ ያመጣው ያጉረመርማል። ይህን የሚፈታ ደንብ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አልተጻፈም። ካነጋገርናቸው ልጆች እንደተረዳነው፣ ዱቄቱና በሶው በአንድ ጆንያ ይገባል፤ ማን ምን ያህል እንዳመጣ እንዳይታወቅ ሁሉም ሳይመሽ በተራ እየገባ ብቻውን ይገለብጣል። ጭኮ ግን የባለቤቱ ነው፤ ሆኖም ለብቻ መብላት ነውር ስለሆነ ለፈተና ሰሞን ይቀመጣል። የጆንያው ጠባቂ አንድ ልጅ ነው። ውኃ የሚቀዳውን፣ እንጨት የሚገዛውን፣ ወጥ የሚሠራውን በተራ የሚያዝዘውም እርሱ ነው። የታመመ ሲኖር ሐኪም ቤት የሚወስደውን፣ ለወላጆቹ ለመንገር ወደ መንደሩ የሚሄደውን ይመድባል። ኪራይ ሲዘገይ ከአከራዩ ፊት ቀርቦ «አባባ፣ ገብሱ ተወቅቶ እስኪሸጥ ይታገሡን» የሚለውም ያው ልጅ ነው።

ይህን ልጅ ማንም አልሾመውም። ማዕረግ የለውም፤ በደረቱ ላይ የሚንጠለጠል ባጅ የለውም። ነገር ግን አንድ ቀን ከጆንያው ለራሱ አብልጦ ቢሰፍር የዚያኑ ማታ ቁልፉ ከእጁ ይወሰዳል። በዚች በአንዲት ክፍል ውስጥ ያለው ሥርዓት ይህን ያህል ጥብቅ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ይህን ልጅ አያውቀውም። የሚያውቀው ምናልባት ሁልጊዜ ሰኞ ዕለት የሚያረፍድ ተማሪ ሆኖ ነው።

የሴት ተማሪዎቹ ነገር ደግሞ የከፋ ነው። ወላጆች ሴት ልጅ ቤት ተከራይታ እንድትኖር ስለማይወዱ ከዘመድ ቤት ያስቀምጧታል። ከዘመድ ቤት የተቀመጠችው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ደመወዝ የሌላት የቤት ሠራተኛ ትሆናለች፤ መጽሐፏን የምትገልጠው የሁሉም ሰው የእራት ሳሕን ከታጠበ በኋላ ነው። ተከራይተው የሚኖሩት ደግሞ ከመሸ በኋላ መንገዱን ይፈሩታል። ስለዚህ ለውኃም ሆነ ለጥናት ማናቸውም ብቻዋን እንዳትወጣ በመካከላቸው ስምምነት ያደርጋሉ፤ ስምምነቱን የምታስከብር አንዲት ልጅ አለች። ይህችው ልጅ ለተማሪዎች ምክር ቤት ብትመረጥ ጸሐፊ ትሆናለች እንጂ ሰብሳቢ አትሆንም። ስለምን ተብሎ ሲጠየቅ «ጽሕፈቷ ያምራል» ይባላል።

በአሰላ የተማሪው ሕይወት ከአገሩ ሕይወት ጋር መያያዙ የዛሬ ነገር አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በከተማይቱ የነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በራስ ዳርጌ ስም የሚጠራ ነበር። ራስ ዳርጌ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት፣ በ1870ዎቹ ወደ አርሲ የዘመተውን ጦር የመሩ መስፍን ናቸው። የአርሲ ገበሬ ልጅ የተማረው እንግዲህ አያቱን ድል በነሡት ሰው ስም በተሰየመ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ከበሩ ላይ ካለው ጽሑፍ ይጀምራል።

በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ማስተማር ጀመሩ። ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየአገሩ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተመደቡ። የተማሪ ማኅበርና የክርክር ልማድ፣ ኋላም የሥራ ማቆሙና የሰልፉ ነገር ወደ ጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤቶች የተሻገረው በብዛት በእነዚህ ወጣቶች በኩል ነው። በአሰላ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። የተመረጠ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የተዳቀሉ ላሞች መጡ፤ ምርትም አደገ። ምርት ማደጉን ያዩት ባለ መሬቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ያስነሡ ጀመር። የባለ መሬት ልጅና የጭሰኛ ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ልማት የሚማሩበት ዘመን ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ከሁሉ የበለጠ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ከእነዚህም ውስጥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ነበሩባቸው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን በወጣ ጊዜ የገበሬ ማኅበራትን የማደራጀቱ ሥራ በእነርሱ ላይ ወደቀ። አዋጁን ማንበብ ለተማሪ ቀላል ነበር። ነገር ግን ከዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሽማግሌው ተናግሮ እስኪጨርስ መታገሥን፣ አለመስማማትን በቃል ሳይሆን በዝምታ የሚገልጽ ገበሬ ምን ማለቱ እንደሆነ መረዳትን ማን አስተማራቸው? በብዙ ቦታ ዘማቾቹ ከገበሬው ቀድመው ሮጡ፤ ከሹማምንቱም ተጋጩ። እኛ በበኩላችን አንፈርድባቸውም። ትምህርት ቤት ያስተማራቸው ስም መጻፍን እንጂ ሸንጎ መቀመጥን አልነበረምና።

ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ የአገሩ ልጅ ሸንጎ መቀመጥን ለመማር ሩቅ መሄድ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሰው በእድሜ እርከን እያለፈ፣ ለዓመታት እየታየና እየተፈተነ ነው ለአመራር የሚደርሰው። የሥልጣን ዘመኑ 8 ዓመት ነው፤ ሲያበቃ ለሚቀጥለው ያስረክባል። በመካከሉ የተበላሸ መሪ ቢገኝ ጉባኤው ከሥልጣኑ ሊያነሣው ይችላል። በአርሲ ሥርዓቱ በዘመናት ብዛት ቢዳከምም ወጉ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ አልጠፋም፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የአርሲ ሴቶችም ሲንቄ አላቸው። ያገባች ሴት የምትይዘው በትር ነው። አንዲቱ በተበደለች ጊዜ ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በደሉ ሳይካስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። የእነዚህ ሴቶች የልጅ ልጅ ናት እንግዲህ «ጽሕፈቷ ያምራል» ተብላ ከሰብሳቢው አጠገብ የምትቀመጠው።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ምክር ቤት አለ፤ ክበባት አሉ፤ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚናገር ሚኒ ሚዲያ አለ። በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ውስጥም ተማሪው ወንበር ተሰጥቶታል። ወንበሩ መሰጠቱን እናመሰግናለን። ነገር ግን በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ላይ የተገኘ ሰው፣ የተማሪው ተወካይ ከሁሉ ኋላ ገብቶ ከበሩ አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ አጀንዳውን የሚያውቀው ሲነበብ እንደሆነና በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሞ እንደሚወጣ ሳይመለከት አይቀርም። ተወካዩ ንግግር የሚያደርገው ስለ ንጽሕና ወይም ስለ ዩኒፎርም ተናገር ሲባል ነው። ስለ ኪራዩ፣ ስለ አምፑሉና ስለ ረቡዕ ማታ ተናገር ያለው የለም።

ይህም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጠ ጊዜ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን፣ ስለ መጻሕፍት ተነጋገረ። ንግግሩ ሁሉ ተገቢ ነበር። ሆኖም ተፈታኙ የሚያድርበትን ክፍል የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። መብራት 4 ሰዓት ላይ የሚጠፋበት ልጅ ስለ ፊዚክስ ያለው ችግር የሚጀምረው ከፊዚክስ አይደለም።

ከአርሲ ደጋ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሆነውን እንንገር፤ ትምህርት ቤቱን በስም መጥራት አያስፈልግም። እሑድ ሳይሆን ሰኞ ጧት ከመንደራቸው የሚነሡ ልጆች ነበሩ፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ በውቂያ ጊዜ፣ እሑድን ከአባታቸው ጋር በአውድማ ስለሚውሉ ነው። የትምህርት ቤቱ በር 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። የአርፋጆቹን ስም ጽፎ ለርእሰ መምህሩ የሚያቀርበው የክፍሉ አለቃ ነበር። አለቃው በታመመ ጊዜ ተራው ለምክትሏ ደረሰ። እርሷም ከስሙ ጎን ሁለት መስመር ጨመረች። በአንደኛው የልጁን መንደር፣ በሁለተኛው ከቤቱ የተነሣበትን ሰዓት ጻፈች። አንዱ በ10 ሰዓት ሌሊት፣ ሌላው በ11፣ አንዲቱ ደግሞ ወንዙን በጨለማ ላለመሻገር ጎሕ እስኪቀድ ጠብቃ የተነሣች ነበረች።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደው በዚሁ በአሰላ አካባቢ ሲሆን፣ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይደርስ እንደነበረ፣ በውድድርም ላይ ግራ እጁን ደብተር እንደያዘ ሰው ወደ ደረቱ አጠፍ አድርጎ ይሮጥ እንደነበረ የማያውቅ የለም። ዓለም ይህን አይቶ አድንቋል። ያን ያህል መንገድ በእግሩ መጥቶ ሩብ ሰዓት የዘገየው ልጅ ግን ስሙ የሚገኘው ከአርፋጆች ዝርዝር ላይ ነው።

ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን ሲያነቡ «ይህን ጻፊ ያለሽ ማን ነው?» ብለው ጠየቋት። «ማንም የለም ጋሼ» አለች። ወረቀቱ ሁለት ሳምንት በመሳቢያ ውስጥ ከቆየ በኋላ በኅብረቱ ስብሰባ ላይ ቀረበ። አንድ ወላጅ ልጆቹ እሑድ ማታ መግባት አለባቸው ብለው ተከራከሩ፤ ሌላው ደግሞ እሑድ ልጄን ከአውድማ ብለቅ ኪራዩን በምን እከፍላለሁ አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ በውቂያው ወራት ከሩቅ የሚመጡት ሰኞ ሰኞ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንዲገቡ፣ ያመለጣቸውንም ትምህርት ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንዲያካክሱ ተፈቀደ። የዓርቡን ትምህርት ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑት መምህር አንድ ብቻ ናቸው። ዘበኛው አሁንም ሰኞ ጧት በሩ ላይ ሆኖ የአርፋጆቹን ዝርዝር ይጠይቃል፤ ልጅቱም ከመንደራቸው ስም ጋር ጽፋ ትሰጠዋለች።