ከአናቱ ወረድ፣ ከሸለቆው ከፍ

ከአዋሽ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው ሚኤሶ ላይ ሙቀቱን ተሰናብቶ መውጣት ይጀምራል። ግራር የተበተነበት ሜዳ ከኋላ ይቀራል፤ መንገዱ የጨርጨርን ተራሮች እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በመስኮት የሚገባው አየርም ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል። አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በጋራዎች መካከል ትገኛለች። ከእሷ አልፎ ወደ ሂርና ወይም ወደ በዴሳና ገለምሶ የሚሄድ መንገደኛ ተዳፋቱን ልብ ብሎ ቢያይ፣ የቆዩት የገበሬ ቤቶች ብዙውን ጊዜ አናት ላይም ሸለቆ ውስጥም እንዳልተቀመጡ ይገነዘባል። የተራራው ቁልቁለት ለጥቂት እርምጃ ጋብ ብሎ ሜዳ መሰል ቦታ የሚሰጥበት ትከሻ አለ፤ ቤቱ እዚያ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን ትከሻ መፈለግን ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ዳርቻ ዛሬ ብዙ ሰው ይሠራል። በንግድ ጥሪት ያፈራ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ገንዘብ የተላከለት፣ ከቤተሰቡ ማሳ ላይ ጎጆ ሊወጣ የተዘጋጀ ወጣት አለ። ስለ ቆርቆሮው ጥራትና ስለ በሩ ቀለም ረጅም ውይይት ይደረጋል። ቤቱ የሚቆምበት መሬት ግን ከሰዓት በኋላ በአንድ ጉብኝት ይወሰናል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ቆርቆሮ ይቀየራል፣ ግድግዳም ይታደሳል፣ ቦታ ግን አይታደስም።

የከፍታ ቦታ ምርጫ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ሲዘረጋ ተራራውን ትቶ በቆላው በሚኤሶና በአሰቦት በኩል አለፈ። የጨርጨር አስተዳደር መቀመጫ ግን ከላይ በደጋው በኩል ነበር። ጨርጨርን በየተራ ካስተዳደሩት ሰዎች መካከል ሁለቱ በዘመናዊ ትምህርታቸው የታወቁ ናቸው፤ ሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም፣ ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። ቆላው ባቡር አለው፣ ወባም አለው። ደጋው ባቡር የለውም፣ ለሰው ግን ይስማማል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በቅርብ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች የሁለት አገር አየር ይኖራቸዋል።

ከፍታ ሲባል ግን ጫፍ ማለት አይደለም። ከሜዳው ተነጥሎ የቆመው የአሰቦት ተራራ አናቱ ላይ ገዳም ተሸክሟል፤ ከዓለም ለመራቅ ለወጡ አባቶች ጫፉ ተገቢ ቦታ ነው። ልጅ ለሚያሳድግና ገበያ ለሚውል ቤተሰብ ግን ጫፉ ነፋስ ነው፣ ብርድ ነው፣ ውሃ መቅዳትም መከራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ይህን በእንጦጦ አይተውታል። ለመከላከያ የተመረጠው ከፍታ ብርዱ የበረታ፣ ማገዶውም ያለቀበት ሆነ፤ በ1879 ዓ.ም በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ሰፈሩ ወደ ፍልውሃ ወርዶ አዲስ አበባ ተቆረቆረች።

ሸለቆው ደግሞ በበጋ ያታልላል። ለም ነው፣ ለመንገድ ቅርብ ነው፣ ለመቆፈርም ቀላል ነው። ጥርና የካቲት ላይ ያየው ሰው እዚያው ችካል መትከል ያምረዋል። ነገር ግን ምዕራብ ሐረርጌ ሁለት ዝናብ አለው፤ በልግ ከመጋቢት ጀምሮ፣ ክረምት ከሰኔ ማለቂያ በኋላ። ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ሸለቆው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ ቦታ የሚመርጥ ሰው ቢቻለው አንድ በልግና አንድ ክረምት ቢያሳልፍ መልካም ነው። ካልቻለ በበጋም ቢሆን ውሃው የጻፈውን ማንበብ ይችላል። ግንድ ላይ የተጠመጠመ ደረቅ ሳርና ቅርንጫፍ ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። አፈር ተጠርጎ ሥራቸው የተጋለጠ ዛፎች፣ ሜዳ ላይ ያለ ምክንያት የተዘረገፈ ድቡልቡል ድንጋይ፣ እያደር ወደ ላይ የሚበላ ቦረቦር፣ ሁሉም ምስክር ናቸው። አጠገቡ የሚኖሩትን እናቶች መጠየቅም አይቀርም፤ ጎርፍ ደጃፋቸውን የመታ ሰዎች ዓመቱንና ሌሊቱን አይረሱም።

ከጎርፍ የሚብሰው ግን መሬቱ ራሱ ሲሄድ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተዳፋቱ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ይህን ዜና የሰማ ሁሉ ተራራ ላይ ቤት ከመሥራቱ በፊት ቁልቁለቱን በሌላ ዓይን ማየት ይገባዋል። የሚንሸራተት መሬት አስቀድሞ ይናገራል። ዛፎቹን ተመልከቱ፤ ግንዳቸው ከሥር ወደ ቁልቁለቱ ጎብጦ ከዚያ ወደ ላይ የሚቃና ከሆነ፣ አፈሩ ዛፉ በሚያድግበት ዘመን ሁሉ ቀስ እያለ ሲወርድ ኖሯል ማለት ነው። አጥሩ ወደ ታች ያዘመመ፣ ከላይ በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተሰነጠቀ፣ ከሥሩ ድንገት ውሃ የሚያመነጭ ተዳፋት ለቤት አይሆንም። ላዩ ተመንጥሮ የተራቆተ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም፤ አፈሩን አስሮ የያዘው ሥር በሰበሰ ማለት ነው።

ቁልቁለቱን መለካት ከባድ ጥበብ አይጠይቅም። ሁለት ሰው፣ አንድ የአሥር ሜትር ገመድ፣ ውሃ የተሞላ ቀጭን ግልጽ ቱቦና ሜትር ይበቃሉ። የላይኛው ሰው ገመዱን መሬት ላይ ይይዛል፤ የታችኛው በቱቦው ውሃ እያስተካከለ ገመዱን አግድም ይወጥርና ከእጁ እስከ መሬት ያለውን ይለካል። አንድ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው፤ ሁለት ሜትር ከሆነ 20። በ1997 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለውን መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ትቶት ነበር። ማሽላ እንዲዘራበት ያልተፈቀደ ቁልቁለት ላይ ልጆች ይተኙ ማለት ይከብዳል። ለቤት እኔ የምመክረው ከ20 በመቶ የማይበልጠውን ነው። ስድስት ሜትር ስፋት ያለው ቤት በ20 በመቶ ተዳፋት ላይ በላይኛውና በታችኛው ግድግዳ መካከል 1.2 ሜትር ልዩነት ይፈጥራል፤ በ40 በመቶ ልዩነቱ 2.4 ሜትር ይሆናል። ያን ጊዜ ወጪው ከቤቱ አልፎ ወደ ድጋፍ ግንቡ ይሄዳል።

ልዩነቱ ትንሽም ቢሆን አንድ ስህተት ተደጋግሞ ይታያል። ከላይ ተቆርጦ የወጣው አፈር ወደ ታች ይገፋና ሜዳ ይሠራል፤ ከዚያ ቤቱ ግማሹ ተቆርጦ በተገለጠው ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ በተደለደለው አፈር ላይ ይቆማል። አንድ ሁለት ክረምት ሲያልፍ ድልድሉ ይሰምጣል፣ ግድግዳው መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ በተቆረጠው ላይ ይቁም፤ ድልድሉ ለግቢና ለጓሮ ይሁን። አፈሩም ይታይ። ቀይ አፈር በአብዛኛው ይታመናል። መረሬ ግን በክረምት አብጦ ያነሳል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይጥላል፤ እስከ ጠንካራው ድረስ ካልተቆፈረና መሠረቱ ከዚያ ካልተነሳ ቤቱን ዕድሜውን ሙሉ ሲያወዛውዘው ይኖራል።

ከመሬቱ ወደ ቤቱ አሠራር ስንመጣ፣ የእንጨት ቤት ሲባል ሩሲያና ስካንዲኔቪያ ወፍራም ግንድ አግድም እየደረቡ ጥጉን በጥርስ የሚያያይዙበት አሠራር አለ። ተክለሐዋርያት በወጣትነታቸው የኖሩበት አገር ሕዝብ እንዲያ ባለ ቤት ክረምቱን ያሳልፍ ነበር። ያ ግን ረጅምና ቀጥ ያለ ጥድ በብዛት ይፈልጋል። ጨርጨር ላይ የቀረውን የሐበሻ ጥድና ዝግባ ለዚያ ማዋል ተራራውን ልብሱን መግፈፍ ነው። ቁኒ ሙክታር ጋራ ላይ ያለው ደን የደጋ አጋዘን መጠለያ ተብሎ የተከለለ ነው፤ ከዚያ በኩል የሚመጣ ግንድ ቢረክስ እንኳ አይገዛም። የእኛው አሠራር በእንጨት ቆጣቢ ነው። ቋሚው ይተከላል፣ ማገር ይመታበታል፣ ጭድ የተቦካበት ጭቃ ይመረግበታል። ባሕር ዛፍ ለዚህ ይበቃል፤ በበጋ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ ጥላ ሥር ደርቆ ከሆነ ብዙም አይጣመምም። ጠላቱ ምስጥ ነው። አናጢዎች የቋሚውን እግር በእሳት ለብለብ አድርገው ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብተው ይተክሉታል። የተሻለው ግን ቋሚውን መሬት ውስጥ ሳይቀብሩ በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ነው። የተሳሰረ እንጨት ሌላም ጥቅም አለው። አገሩ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ በ2017 ዓ.ም በፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን አስታውሷል። ሲናጥ ከሚናድ የድንጋይ ካብ ይልቅ ተያይዞ የሚወዛወዝ የእንጨት ቤት ሰው ያተርፋል።

ውሃና መንገድን በተመለከተ ቦታውን የሚመርጠው አባወራ፣ ውሃውን የምትቀዳው ግን እማወራዋ ወይም ልጂቱ መሆኗ ብዙ ያበላሻል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ምንጩ ከቤቱ በታች ከሆነ ሸክሙ ዳገት ይወጣል። ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል ውሃ ቀጂዋ ትስጥ፤ ጀሪካኑን ተሸክማ አንድ ጊዜ ከወጣችው በኋላ። ጣሪያውም ይረዳል፤ ሃምሳ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ሃያ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት አንድ ሺህ ሊትር ይሰጣል፣ አሸንዳና ሮቶ ካገኘ። መንገዱን ደግሞ በክረምት ጭቃ፣ በሌሊት፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወርድ አስቡት። ቤት ከመኪና መንገድ በጣም መራቅ የለበትም።

ወረቀቱም የቦታው አካል ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው የሚኖረው የይዞታ መብት ነው። ከተማ ክልል ውስጥ ሊዝና የማዘጋጃ ቤት ፕላን አለ፣ ገጠር ከሆነ የይዞታ ደብተር። ጭሮም ሆነች ገለምሶ ወደ ጋራው እየሰፉ ስለሆነ ዛሬ የጫት ማሳ የሆነው ነገ መንገድ ሊወጣበት ይችላል። ጨረቃ ቤት የሚሠሩ ሰዎች የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ሌላው የተወውን የቦረቦር ዳርና የገደል አፋፍ ነው፤ ስለዚህ በአፍራሽ ግብረ ኃይልና በጎርፍ መካከል ይኖራሉ። ይህ ጥፋት የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ደህና መሬት በአቅማቸው ያላቀረበ ከተማም አለበት።

ቦታው ሲገኝ መጀመሪያ የሚቆፈረው መሠረቱ ሳይሆን ከቤቱ በላይ የሚያልፈው የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ነው። ከላይኛው ግድግዳ ሦስት አራት ሜትር ራቅ ይላል፤ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ተደርጎ በሰያፍ ይወጣል። ከዚያ በላይ ከተዳፋ ራሱ ቦረቦር ይሆናል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ደለል ይሞላዋል። የቆፈሩትን አፈር ከታች በኩል መደብ አድርገው ሣር ይተክሉበታል። አወጣጡ ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ ይወሰናል፤ ድንጋይ የበዛበት የተፈጥሮ መውረጃ ካለ ወደዚያ፣ ከሌለ በሁለቱ ማሳ ዳርቻ ላይ በጋራ ወደሚቆፍሩት። ታች ባለው ሰው ቡና ላይ የተለቀቀ ጎርፍ ገና ጣሪያው ሳይመታ ሽማግሌ ያስቀምጣል።